የዋሳችን ዋስ ማን ነው?

ጥቅምት 22 ቀን ቤሌ ነበርን። ቤሌን ለማታውቁ፣ ከወላይታ ሶዶ በስተምዕራብ፣ ወደ ኦሞ ሸለቆ በሚያወርደው መንገድ ላይ ያለች የኪንዶ ኮይሻ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ሁለት ሆነን የሄድነው ስለ ወባ ልንጽፍ ነበር። ቆላው ቅርብ ነው፤ ዝናቡ ሲያባራ ትንኟ ትነሳለች፤ ስለዚህ በጥቅምትና በኅዳር ስለ ወባ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ብዙ አይሳሳትም።

የወባውን ጽሑፍ ሳንጽፍ ተመለስን። በምትኩ ይህንን ይዘን መጣን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ሪፖርት የሚያስገቡ ሰው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጠን ተራችንን እንጠብቃለን። ሰውየው በዕድሜ አባታችን ይሆናሉ። ከየጤና ኬላው የመጡ የወረቀት ቅጾች በግራቸው ተቆልለዋል፤ በቀኛቸው አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። የጤና ተቋማት የሪፖርት ወር፣ ላልሰማችሁ፣ እንደ እኛ ወር በአንድ ቀን አይጀምርም። ከ21 ተነስቶ በሚቀጥለው ወር 20 ያልቃል። ስለዚህ 22 ማለት የጭንቅ ቀን ነው። ትኩሳት ይዟቸው የመጡ ሕፃናት፣ የተከተቡ፣ ጤና ጣቢያ የወለዱ፣ ቤት የወለዱ፣ ሁሉም ቁጥር ሆነው በእኚህ ሰው ጣት በኩል ያልፋሉ። ከዚያ ወደ ወረዳ፣ ወደ ዞን፣ ወደ ክልል፣ ወደ ሚኒስቴር። በሚቀጥለው ወር ስንት ካርቶን መድኃኒት እንደሚመጣ በዚህ ቁጥር ይታሰባል። ቁጥሩ ከተሳሳተ የሚያንሰው ካርቶኑ ነው።

ሰውየው ወሩን መረጡ። ስክሪኑ ላይ «ጥቅምት» የሚል ብቅ አለ። ኦክቶበር አላለም።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ጥቅምትን በየት ያውቀዋል?» አልናቸው።

«ምን ማለታችሁ ነው ልጆቼ?»

«የፈረንጅ ኮምፒውተር አይደል? ጥቅምት የሚባል ወር እንዳለ ማን ነገረው?»

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩን። «ሚኒስቴር ነው መሰለኝ የነገረው» አሉ። ትንሽ ቆዩና፣ «ሚኒስቴርን ደግሞ ማን እንደነገረው እነሱን ጠይቁ።»

ጠየቅን። ማለትም፣ አነበብን፣ የሚያውቁ ጓደኞቻችንን አስቸገርን፣ በመጨረሻም ለሁሉም ክፍት የሆነውን ኮድ ራሱን አየን። መልሱ ሃምሳ ዓመት ወደ ኋላ ወሰደን።

ዋስ እና የዋስ ዋስ

አማርኛችን ለዚህ ጉዳይ ከእንግሊዝኛው የተሻለ ቃል አለው። ገንዘብ ልትበደሩ ስትሄዱ ዋስ አምጡ ትባላላችሁ። ዋሳችሁን ታውቁታላችሁ፤ ጎረቤት ነው፣ ወይ የአጎት ልጅ ነው። አበዳሪው ግን «እሱንስ ማን ያውቀዋል?» ካለ ዋሳችሁም በፈንታው ዋስ ይጠራል። የዋስ ዋስ ማለት ይሄ ነው። ስሙን ላታውቁት ትችላላችሁ። መንገድ ላይ ብታገኙት ሰላም አትሉትም። እሱ የጠፋ ቀን ግን የሚቆመው የእናንተው ብድር ነው።

ዋስና ውሰት በቃልም ዘመዳሞች ናቸው። ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ሌላው የጻፈውን ኮድ ይዋሳሉ፤ በዚያው ቅጽበት ለሥራቸው ዋስ ያደርጉታል። ይህንን «ዲፔንደንሲ» ይሉታል። የተዋሱት ኮድ ራሱ ከሌላ የተዋሰውን ደግሞ «ትራንዚቲቭ ዲፔንደንሲ»። እኛ የተማርነው ጋዜጠኝነት ስለሆነ የዋስ ዋስ እያልን እንቀጥላለን። የኮምፒውተር ሳይንስ ምሩቆች ታገሡን።

እንግዲህ የቤሌው ሰውዬ ሪፖርት የሚያስገቡበት ፕሮግራም ዲኤችአይኤስ 2 ይባላል። ሥሩ ደቡብ አፍሪካ ነው። አፓርታይድ እንደወደቀ፣ እ.ኤ.አ. ከ1994 በኋላ ባሉት ዓመታት፣ በዘር ተከፋፍሎ የኖረውን የጤና መረጃ አንድ ለማድረግ ኬፕ ታውን ላይ የተጀመረ ሥራ ነው። የመጀመሪያው ዲኤችአይኤስ የተሠራው በማይክሮሶፍት አክሰስ ነበር። ሥራው ከኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተሳሰረ ነበርና እ.ኤ.አ. በ2004 ኦስሎዎች ሁለተኛውን በጃቫ ቋንቋ እንደ አዲስ መጻፍ ጀመሩ። በ2006 ሕንድ ውስጥ ኬረላ ላይ ሥራ ላይ ዋለ። እኛ አገር ከዚያ በፊት ኢኤችኤምአይኤስ የሚባል ሌላ ሥርዓት ነበር፤ ጤና ሚኒስቴር ወደ ዲኤችአይኤስ 2 የዞረው በ2010 ዓ.ም. ግድም ነው።

ኦስሎዎች ግን ሁሉንም ከዜሮ አልጻፉም። የሚጽፍ ሰው የለም እንዲህ። ከዳታቤዙ ጋር የሚያነጋግራቸውን ሃይበርኔት ከሚባል ላይብረሪ፣ የፕሮግራሙን አጥንት ስፕሪንግ ከሚባል ተዋሱ። ሃይበርኔትም ተውሷል፣ ስፕሪንግም ተውሷል። ይህንን ሁሉ ከየቦታው ሰብስቦ የሚያቀርብላቸው አንድ መሣሪያ አለ፤ ሜቨን ይባላል። የዛሬው ታሪካችን በአብዛኛው የሱ ነው።

ከአንድ የተበላሸ ጧት የተነሳ

እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካ ቤል ላብስ ውስጥ አንድ ፕሮግራመር ግማሽ ቀኑን አቃጠለ። ስቲቭ ጆንሰን ይባላል። የፕሮግራሙን ስህተት ሲፈልግ አረፈደ። ስህተቱን ቀድሞ አርሞታል፤ ነገር ግን ያረመውን ፋይል ማሽኑ እንደገና አልተረጎመውም፣ ስለዚህ ሲያስኬደው የነበረው አሮጌውን ነው። ለባልደረባው ለስቱዋርት ፌልድማን ምሬቱን ነገረው። ፌልድማን በዚያው የሳምንት መጨረሻ አንድ መሣሪያ መሥራት ጀመረ። «ሜክ» አለው። የትኛው ፋይል በየትኛው ላይ እንደቆመ ትጽፉለታላችሁ፤ አንዱ ሲለወጥ በሱ ላይ የቆሙትን ብቻ መርጦ እንደገና ይሠራል።

ስለ ሜክ አንድ ነገር ሳንነግራችሁ ማለፍ አንችልም። በሜክ ፋይል ውስጥ ትእዛዝ የሚጻፍበት መስመር በ«ታብ» መጀመር አለበት፤ በባዶ ቦታ ከጀመረ አይሠራም። በዓይን ሁለቱ አይለዩም። በዚህ ምክንያት ስንት ተማሪ ፀጉሩን ነጭቷል። ፌልድማን ራሱ ስህተት መሆኑ ቶሎ ገብቶት ነበር፤ ግን በዚያን ጊዜ ደርዘን ያህል ተጠቃሚዎች ስለነበሩት እነሱን ላለማስቀየም ተወው። ደርዘን! ይኸው እስከ ዛሬ አለ።

ሜክ የሚያውቀው ግን የራሳችሁን ፋይል ነው። ከሌላ ሰው የተዋሳችሁትን አያመጣላችሁም። ጃቫ ሲመጣ ሜክን የሚተካ «አንት» የሚባል መሣሪያ ጄምስ ዳንከን ዴቪድሰን ጻፈ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ራሱን ችሎ ወጣ። አንትም ቢሆን ውሰቱን ለእናንተ ነበር የሚተወው። የተዋሳችሁትን ላይብረሪ፣ «ጃር» የሚባለውን ፋይል፣ ከኢንተርኔት ራሳችሁ ታወርዱና አንድ ፎልደር ውስጥ ትከቱታላችሁ። ከዚያ ታስኬዱታላችሁ። «ይሄኛው ጎድሎኛል» ይላል። ያንንም ታወርዳላችሁ። «እሱ ደግሞ ይሄኛውን ይፈልጋል» ይላል። ሲመሽ ፎልደሩ ውስጥ አርባ ጃር አለ፤ የትኛው ለምን እንደመጣ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ለመሰረዝ ደግሞ ሁሉም ይፈራል። የሙያው ሰዎች ይህን የጃር ሲኦል ይሉት ነበር። ያጋነኑ አይመስለንም።

ሜቨን የተወለደው እዚያ ሲኦል ውስጥ ነው። ጄሰን ቫን ዚል የሚባል ሰውና ጓደኞቹ በአፓቺ ድርጅት ሥር ለሌላ ፕሮጀክት ሲሉ ጀመሩት። አንደኛው ሜቨን እ.ኤ.አ. በ2004 ወጣ፤ ጃሮቹን ከአንድ ማዕከላዊ ጎተራ ያመጣል፣ ነገር ግን ዋሶቹን ሁሉ፣ የዋስ ዋሶቹን ጨምሮ፣ እናንተው ነበራችሁ በስም የምትዘረዝሩት። ትልቁ ለውጥ ሁለተኛው ነው። በጥቅምት 1998 ዓ.ም.፣ እኛ አገር ሰው ሁሉ ስለ ምርጫው እንጂ ስለ ሌላ ነገር በማያወራበት ወር፣ ሜቨን 2 ወጣ። ከዚያ ጀምሮ «ዋሴ እገሌ ነው» ማለት ብቻ በቃ። እያንዳንዱ ላይብረሪ የራሱን ዋሶች የዘረዘረበት «ፖም» የሚባል ፋይል ይዞ ይመጣል፤ ሜቨን እሱን ያነባል፣ የዋሶቹን ፖም ያነባል፣ የዋስ ዋሶቹን ፖም ያነባል፣ እስከ ታች ይወርዳል። ሁሉንም ያመጣል። እናንተ ቡና ትጠጣላችሁ።

ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ አናቃልለውም። ኦስሎ ላይ ያለ አነስተኛ ቡድን ለብዙ አገሮች የጤና ሥርዓት ሊሠራ የቻለው ከሌሎች የተዋሰውን እንዲህ በቀላሉ መሰብሰብ ስለቻለ ጭምር ነው። ግን ልብ በሉ፤ ድሮ አርባውን ጃር በእጁ ያወረደ ሰው ቢያንስ አርባ መሆናቸውን ያውቅ ነበር። አሁን አምስት ትጽፋላችሁ፤ መቶ ይመጣል። ዘጠና አምስቱን ማን ጠራቸው?

እስከ ሰባት ቤት

አንድ ችግር ግን ወዲያው መጣ። አንዱ ዋሳችሁ «እኔ የምቆመው በእገሌ አንደኛ እትም ነው» ይላል። ሌላው ዋሳችሁ «እኔ ደግሞ በእገሌ ሦስተኛ እትም» ይላል። ሁለቱም አብረው መምጣት አይችሉም፤ አንድ ስም፣ አንድ ወንበር ነው ያለው። ማን ይምጣ?

ሜቨን የመረጠው ፍርድ ቀላል ነው፦ ቅርብ ያለው ያሸንፋል። ከእናንተ በሁለት ደረጃ ያለው በሦስት ደረጃ ያለውን ይበልጣል። እኩል ከሆኑ ቀድሞ የተጻፈው። አዲስ ነው አሮጌ ነው አይልም። ሽማግሌ ይህን ዳኝነት ቢሰማ ራሱን ይነቀንቃል፤ ምክንያቱም ቅርብ ያለው አሮጌው ከሆነ፣ ሦስተኛውን እትም አምኖ የመጣው ዋስ አንድ ቀን፣ በሥራ መካከል፣ «የምፈልገው ነገር የለም» ብሎ ይወድቃል። ሲሠራ ያልታየ፣ ሲጫን ያልታየ ስህተት፣ ሰው እየተጠቀመበት ሳለ ይወጣል።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛው ማግለል ነው፤ «ይህንን ዋስ እቀበላለሁ፣ ይዞት የሚመጣውን እገሌን ግን አልቀበልም» ብሎ መጻፍ። ሁለተኛው በላይኛው ፖም ላይ አንድ ቦታ ቁርጥ አድርጎ መወሰን ነው፤ «እገሌ የሚባል በየትም በኩል ቢመጣ እትሙ ይሄ ነው» ይባላል። ሁለቱንም ለማድረግ ግን መጀመሪያ ማን እንዳለ ማየት ያስፈልጋል። ሜቨን ለዚህ የዋሶቹን ዛፍ የሚዘረጋ ትእዛዝ አለው። አንድ ጓደኛችን ሲያሳየን ቶሎ የመጣልን ዘር ቆጠራ ነው፤ ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጠረው። ልጅቷን አውቃታለሁ ማለት አይበቃም፤ የእናቷ አያት ማን ናት? ልዩነቱ፣ በጋብቻው ቆጠራውን የሚይዙ ሽማግሌዎች አሉ። በሶፍትዌሩ ብዙ ቤት ትእዛዙ አንዴም ሳይጻፍ ዓመታት ያልፋሉ።

ይኸው ጓደኛችን ሶዶ ላይ ሲማር የነበረውን ሲያጫውተን የሳቅነውን ሳቅ ልንገራችሁ። ሜቨን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሠራ ዋሶቹን ሁሉ ከማዕከላዊው ጎተራ ያወርዳል፤ «ኢንተርኔቱን በሙሉ ያወርዳል» የሚል የቆየ ቀልድ አለበት። በዚያን ጊዜ በነበረው ኔትወርክ ደግሞ ቀልድ አልነበረም፤ ማታ አስጀምረው ይተኛሉ፣ ጧት ሲነሱ ግማሽ መንገድ ላይ ተቋርጦ ያገኙታል። ሜቨን ያወረደውን አንድ የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል፤ ስሙ «ነጥብ ኤም ሁለት» ነው። ከተማሪዎቹ አንዱ ይህ ፎልደር ሞልቶለት ነበርና ዶርም ለዶርም በፍላሽ ይዞረው ጀመር። የሱ ፎልደር የሌለው ፕሮጀክቱን መጨረስ አይችልም። ቡና እየተጋበዘ ተመረቀ ይላሉ።

የፍላሹ ጨዋታ በ2012 ዓ.ም. ቀልድነቱ ቀረ። ሰኔ 23 ቀን፣ ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ፣ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። ፕሮግራም ጽፈው የሚያድሩ ጓደኞቻችን ያኔ በሁለት ተከፈሉ፤ ፎልደሩ የሞላላቸው ሥራቸውን ቀጠሉ፣ አዲስ ማሽን የያዙ ወይም አንድ እትም የጎደላቸው ቁጭ አሉ። ኮዱን የጻፉት ራሳቸው ናቸው፤ ኮምፒውተሩም የራሳቸው ነው። ዋሶቹ ግን ባሕር ማዶ ናቸው።

ሁለት ታኅሣሦች የማይበቁት ሳምንት

በባሕር ማዶም ቢሆን ዋስ ይጠፋል። መጋቢት 13 ቀን 2008 ዓ.ም. አዘር ኮቹሉ የሚባል ፕሮግራመር፣ በአንድ ስም ጉዳይ ከአንድ ኩባንያ ጋር ተጣልቶ፣ ለጃቫስክሪፕት ጎተራ ያዋሰውን ኮድ ሁሉ አነሳ። ከነዚያ ውስጥ አንዱ «ሌፍት ፓድ» ነው፤ ከጽሑፍ በስተግራ ባዶ ቦታ መጨመር ብቻ የሚችል፣ 11 መስመር ኮድ። በሱ ላይ፣ በዋስ ዋስ በኩል፣ የቆሙ ስመ ጥር ፕሮጀክቶች በሰዓታት ውስጥ አልሠራ አሉ። ጎተራው በዚያው ቀን ኮዱን መለሰው። የሜቨን ጎተራ በዚህ በኩል ጨዋ ነው፤ አንዴ የገባ አይወጣም። ጥሩ ነው ትላላችሁ። የሚቀጥለውን ስሙ።

ታኅሣሥ 1 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ዓርብ። «ሎግ ፎር ጄ» የሚባል የጃቫ ላይብረሪ አለ። ሥራው የመዝገብ ጸሐፊነት ነው፤ ፕሮግራሙ ውስጥ የሆነውን ነገር ሁሉ ይመዘግባል፤ እገሌ ገባ፣ እገሌ የይለፍ ቃል ተሳሳተ እያለ። እንደ ማንኛውም መዝገብ ቤት የሚያስታውሰው የለም። የሚያስገርመው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በተጨመረበት አንድ ባሕርይ ምክንያት፣ በተወሰነ መልክ የተጻፈ ቃል ሲያጋጥመው እንደ ቃል አይመዘግበውም ነበር። እንደ ትእዛዝ ያነበዋል። ቃሉ ወደ ሩቅ ሰርቨር ሊልከው፣ ከዚያም ኮድ አስመጥቶ ሊያስኬደው ይችላል። በአጭሩ፣ የመግቢያ ሳጥኑ ውስጥ የተጠቃሚ ስም በመጻፍ ብቻ ማሽኑን መያዝ ይቻል ነበር። ቀዳዳውን ያገኘው የአሊባባ ክላውድ ባለሙያ ቼን ዣውጁን ነው፤ ለሠሪዎቹ ኅዳር ውስጥ ነግሯቸዋል። ለአደገኛነቱ የተሰጠው ነጥብ ከ10፣ 10።

እንግዲህ ዓለም በሙሉ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፦ እኛ ዘንድ አለ ወይ? አብዛኛው ሰው ማወቅ አልቻለም። ሎግ ፎር ጄን በስም የጠራ ጥቂት ነው፤ ብዙው በዋስ ዋስ በኩል ነው ያገኘው። የጉግል ባለሙያዎች የሜቨንን ማዕከላዊ ጎተራ ቆጥረው መጀመሪያ ከ35 ሺህ በላይ ላይብረሪዎች ተነክተዋል አሉ፤ ከቀናት በኋላ አቆጣጠራቸውን አጥርተው ወደ 17 ሺህ አወረዱት። ከነዚህም አብዛኞቹ በቀጥታ የተዋሱት አይደሉም። ጎተራው ደግሞ፣ ቅድም እንዳልነው፣ አንዴ የገባውን አያወጣም፤ የተቀደደውም እትም ከነቀዳዳው እዚያው ይቀመጣል። የሎግ ፎር ጄን ሠሪዎች ያየን እንደሆነ ደግሞ፣ አብዛኞቹ ሌላ መተዳደሪያ ያላቸው፣ ይህንን በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ጥቂት ሰዎች ናቸው። የዓለም ባንኮች መዝገብ ጸሐፊ ማታ ማታ ነበር የሚሠራው።

ዲኤችአይኤስ 2ም ከተነኩት አንዱ ነበር። ኦስሎዎች በዚያው ወር ማስጠንቀቂያና የታረመ እትም አወጡ። እዚህ አገር አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ክፍል የሚሠራ የምናውቀው ሰው ያንን ቅዳሜ ሲተርክልን፣ በየሰርቨሩ እየገባ የፋይል ስም ሲፈልግ መዋሉን ነገረን። የዋሶች ዝርዝር የሚባል ነገር መሥሪያ ቤቱ አልነበረውም። ከሁለት ሰርቨር ላይ አገኘው። አንዱን ጠብቆት ነበር። ሁለተኛው ከዓመታት በፊት አንድ ድርጅት ሠርቶ አስረክቦ የሄደ፣ የሠሪው ስልክ የማይነሳ፣ ሰው ግን በየቀኑ የሚጠቀምበት ፕሮግራም ነበር። «ምን አደረግህ?» ስንለው፣ «ከኢንተርኔት ነቀልኩት፣ ሰኞ ስድብ ጠጣሁ» አለን።

ጥቅምትን የነገረው

ወደ ቤሌ እንመለስ። ጥቅምትን ለኮምፒውተሩ ማን ነገረው?

በዲኤችአይኤስ 2 ኮድ ውስጥ «ኢትዮጵያን ካሌንደር» የሚል ፋይል አለ። ከፈትነው። ረጅም ነገር ጠብቀን ነበር፤ አሥራ ሦስት ወር፣ ጳጉሜን፣ በየአራት ዓመቱ የሚመጣው ስድስተኛ ቀን። አጭር ነው። ስሌቱን የሚሠራው እሱ አይደለም፤ ዋስ ይጠራል። ዋሱ «ጆዳ ታይም» ይባላል፤ በጃቫ ላይ ቀንና ሰዓት ለማስላት ስቲቨን ኮልቦርን የሚባል እንግሊዛዊ የጀመረው ላይብረሪ ነው። እሱና ብራያን ኦኒል የግብጽ ቅብጦችን አቆጣጠር ሲጽፉ የእኛንም አብረው ጻፉት፤ የወሮቹ አሠራር አንድ ነውና። ለኦስሎ ዋስ የሆነው ጆዳ ታይም ለቤሌ የዋስ ዋስ መሆኑ ነው።

ፋይሉ ላይ ሠሪዎቹ የተዉት ማስታወሻ ደስ አሰኝቶናል። ቀኑ ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት እንደሚቆጠር ይናገሩና፣ ቀን የሚጀምረው ከዋዜማው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው የሚሉ ምንጮች እንዳሉ፣ ግን ይህ እንዳልተረጋገጠና እንዳልተሠራ ይገልጻሉ። አንድ የደብር መሪጌታ ቢጠየቁ በአምስት ደቂቃ ያረጋግጡት ነበር። አልተጠየቁም። ቢሆንም እንዲህ በግልጽ የጻፈ ሰው ታማኝ ሰው ነው።

ኔፓሎችም የራሳቸው አቆጣጠር አላቸው፤ ወሮቻቸው በየዓመቱ ርዝመታቸው ይለያያል። ጆዳ ታይም እነሱን አያውቅም። ስለዚህ ኦስሎዎች የኔፓልን ዓመት በዓመት፣ ወር በወር፣ በሰንጠረዥ ራሳቸው ጽፈው አስገቡት። የእኛን ያልጻፉት ዋስ ስላገኙልን ነው።

ዋሱ ግን አርጅቷል። ኮልቦርን ራሱ የመራው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2014 በጃቫ 8 ውስጥ ገብቶ የጃቫ የራሱ የቀን ላይብረሪ ሆነ። የጆዳ ታይም ገጽ ከዚያ ወዲህ ተጠቃሚዎቹን «ወደ አዲሱ ተሸጋገሩ» ይላል፤ ሥራው በአመዛኙ የተጠናቀቀ ነው፣ ትልቅ ነገር አይጨመርበትም። ተሸጋገሩ የተባለበት አዲሱ ቤት ውስጥ የጃፓን አቆጣጠር አለ። የታይላንድ ቡድሂስቶች አለ። የታይዋን አለ። የሂጅራ አለ። የእኛ የለም።

የእኛ የተቀመጠው «ስሪ ቴን ኤክስትራ» በሚባል፣ ያው ኮልቦርን በሚመራው ተጨማሪ ላይብረሪ ውስጥ ነው፤ ጃቫ ይዞት አይመጣም፣ የሚፈልግ ራሱ ይዋሰዋል። እዚያ ከቅብጦች፣ ከጁሊያን፣ እንዲሁም ለቀልድ በተፈጠረ ሃይማኖት ከወጣው የዲስኮርዲያኖች አቆጣጠር ጋር ጎን ለጎን ተቀምጧል። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ልደቱን፣ ደመወዙንና የቤት ኪራዩን የሚቆጥርበት አቆጣጠር ከቀልድ ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ ነው። ተናደድን። ከዚያ ደግሞ ቁጣችንን በማን ላይ እንደምናወርድ ጠፋን። ሰውየው በነፃ ጻፈልን፤ ሲሸጋገርም ሳይጥለን በራሱ ጓዝ ይዞን ሄደ። ከእኛ ፕሮግራመሮች ማን ያንን ፋይል ከፍቶ ያየው? ማን መሪጌታውን ጠይቆ ማስታወሻውን ያረመው? እኛም እስከዚህች ጥቅምት አላየነውም፤ መናደድ ግን ቀድሞን መጣ።

ለሰውየው ደወልንላቸው፤ ኅዳር ገብቶ ነበር።

«ጋሼ፣ አገኘነው። ጥቅምትን የነገረው አንድ እንግሊዛዊ ነው። ሚኒስቴር ከኖርዌይ፣ ኖርዌይ ከእሱ።»

«እንግሊዛዊ?» ሳቁ። «ጥሩ ሰው ነው። ጊፋታንስ ያውቃል?»

ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው ውስጥ የሚውለው እሑድ ነው። በፋይሉ ውስጥ የለም። በየትኛውም ፋይል ውስጥ አላየነውም።

«አያውቅም ጋሼ።»

«ተዉት» አሉ፣ «እሱን እኔ በእስክሪብቶ ግድግዳዬ ላይ አክብቤበታለሁ። በሉ ልጆቼ፣ ዛሬ 21 ነው።» ስልኩን ዘጉት።